ማጭበርበርን ለመከላከልና የግል መረጃን ለመጠበቅ የሚሠራባቸው የአማርኛ ስያሜዎች፤ ከሁሩታ ገበያ ሲመዘኑ

የአንድ ሙያዊ ስያሜ ትክክለኛነት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥርወ ቃሉ ይጠናል፤ ከግእዝ ጋር ያለው ዝምድና ይታያል፤ ከውጭው ቃል ጋር ያለው የፍቺ እኩያነት ይመዘናል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ጉድለታቸው የሚታወቀው ሰው ገንዘቡን ካጣ በኋላ የሆነ አንዳንድ ስያሜዎች አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው የዚህ ዓይነቶቹን ነው።

ሐሳቡን ያነሣሣን በሁሩታ የሰማነው ነገር ነው። ሁሩታ በአርሲ ዞን የሎዴ ሔጦሳ ወረዳ ከተማ ስትሆን አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በገበያዋ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። እዚያ እህል እየሸመቱ ወደ አዳማ የሚልኩ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አነጋግረን ነበር። ገንዘብ የሚቀበሉትም ሆነ የሚከፍሉት በእጅ ስልካቸው ነው። አንድ ቀን ራሱን የድርጅት ሠራተኛ አድርጎ ያቀረበ ሰው ደውሎ «እናቴ፣ በስሕተት ሒሳብዎ ውስጥ የገባ ገንዘብ አለ፤ አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝና ላስተካክለው» አላቸው። አነበቡለት። ገንዘባቸውም ሄደ። ቀደም ሲል ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው እንደ ነበር ስንጠይቃቸው መድረሱን አልካዱም፤ «የይለፍ ቃልዎን ለማንም አይስጡ» የሚለውን መልእክት ልጃቸው አንብቦላቸው ነበር። ቀጥለው የሰጡን መልስ ግን ይህ ነው፦ «እኔ ለማንም ቃል አልሰጠሁም፤ የነገርኩት ቁጥር ነው።»

ይህን መልስ እንደ የዋህነት ቈጥሮ ማለፍ ይቻላል። እኛ ግን ከቋንቋ አንጻር ስናየው መልሱ ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል። እኒህ እናት ማስጠንቀቂያው የከለከላቸውን አላደረጉም፤ ያደረጉት ማስጠንቀቂያው ያልጠቀሰውን ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የሚፈለገው ከአንባቢው ሳይሆን ከስያሜው ነው።

1. «የይለፍ ቃል»

ስያሜው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱም ያስቸግራሉ። በመጀመሪያ «ቃል» የሚለውን እንመልከት። በሕዝብ ንግግር «ቃል መስጠት» ማለት ተስፋ መስጠት፣ መስማማት ነው፤ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት ደግሞ የሚያውቁትን መናገር፣ መመስከር ነው። «ቃልዎን ለማንም አይስጡ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለተራው ሰሚ በቅድሚያ የሚያስታውሰው ከእነዚህ አንዱን ነው። ከዚህም ሌላ በስልክ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ የሚያገለግለው ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ነው። ቁጥርን «ቃል» ብሎ መጥራት በእንግሊዝኛው ስያሜ ውስጥ ያለውን ታሪካዊ አጋጣሚ ሳያስፈልገን መውረስ ነው። ባሕር ማዶ ነገሩ ሲጀመር ምስጢሩ በእርግጥ ቃል ስለ ነበረ ስሙ ቀረ። እኛ ግን ነገሩን የተቀበልነው ቁጥር ከሆነ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ክፍል «ይለፍ» ነው። ይህ በሦስተኛ መደብ የተነገረ የፈቃድ አንቀጽ ሲሆን ተናጋሪው ዘበኛ፣ የኬላ ጠባቂ ወይም ሹም ነው። የይለፍ ወረቀት ሲባል የኖረው መንገደኛ ኬላ ሲደርስ አውጥቶ የሚያሳየው ማስረጃ ነበር። የሚጠይቀው ባለሥልጣን ነው፤ የሚያሳየው መንገደኛው ነው፤ አላሳይም ማለት ያስጠረጥር ነበር። እንግዲህ ቃሉ በተናጋሪው ኅሊና ያተመው ልማድ ለጠየቀ ባለሥልጣን ማሳየት ነው። የምንፈልገው ልማድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የጠየቀው ማንም ይሁን ማን አለማሳየት ነው። አጭበርባሪውም ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ ሁልጊዜ የሚደውለው በሹም ድምፅ ነውና።

ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውና በመልእክት የሚላከው ቁጥር «ማረጋገጫ ቁጥር» ሲባልም እናያለን። ይህም ከችግር የጸዳ አይደለም። ማረጋገጥ በጎ ሥራ ነው። «ለማረጋገጥ ያህል ቁጥሩን ይንገሩን» የሚል ደዋይ የሚጠቀመው ሕጋዊው ድርጅት ራሱ ባስተማረው ቃል ነው።

እኛ የምናቀርበው ስያሜ አዲስ አይደለም፤ በሕዝብ አፍ ያለ ነው። እርሱም «ምስጢር ቁጥር» ነው። ለአንድ ጊዜ የሚያገለግለው «የአንድ ጊዜ ምስጢር ቁጥር» ሊባል ይችላል። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅለው ሲገቡ ደግሞ «የምስጢር ቃል» ማለት ይበቃል። «ምስጢር» የሚለው ቃል ነገሩን ከመሰየሙም በላይ ምን መደረግ እንዳለበት ያዝዛል፤ ምስጢር የማይነገር ነው። ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተለየ ከፍ ያለ ፍቺ አለው የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ይሁንና ያ ፍቺ የቃሉን ክብደት ይጨምረዋል እንጂ አይጐዳውም፤ «የቤት ምስጢር» ሲባል ማንም ወደ ሥነ መለኮት አይሄድም።

2. «ዳታ»፣ «መረጃ» እና «ውሂብ»

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀውና አፈጻጸሙን እንዲቈጣጠር ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኀላፊነት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 «የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ» ተብሏል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም «ዳታ» የሚለውን ወስዷል። ሕግ አውጪው ለምን ይህን እንደ መረጠ መገመት አያዳግትም። ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ ያስፈልጋል፤ «መረጃ» ደግሞ ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው።

ሸክሙን በዝርዝር እንየው። «መረጃ» ከ«ተረዳ»፣ «ማስረጃ» ከ«አስረዳ» ይወጣሉ። መረጃ ሰው ራሱ የሚረዳበት፣ ማስረጃ ሌላውን የሚያስረዳበት ነው። ልዩነቱ ንጹሕና ጠቃሚ ነው። እንግዲህ ገና ያልተረዱት፣ በመዝገብ ላይ የተደረደረ ቁጥርና ስም በጥብቅ አነጋገር መረጃ አይደለም፤ የመረጃ ጥሬ ነው። ከዚህም በላይ «መረጃ» ከጸጥታ ሥራ ጋር ስለ ተያያዘ «የመረጃ ሰው» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ሌላ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ፅንሰ ሐሳቦች የሚለይ ስያሜ መፈለጉ ተገቢ ነው።

ነገር ግን «ዳታ» ወደ ሁሩታ ገበያ ሲወርድ ምን ይሆናል? ዛሬ በአገራችን በከተማም በገጠርም «ዳታ» ማለት በስልክ የሚሞላ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። «ዳታ ክፈት»፣ «ዳታዬ አለቀ»፣ «ዳታዬን ዘጋሁት» ይባላል። ይህን የለመደ ሰው «የግል ዳታዎን ይጠብቁ» ሲባል ያሰበው የገዛው ጥቅል እንዳያልቅበት መቈጠብን ቢሆን አይፈረድበትም። ስያሜው ለሕግ ባለሙያው አንድ ፍቺ ሰጠ፤ ለባለመብቱ ግን ቀድሞ የተያዘ ቤት ሆነበት።

በኮምፒዩተር ባለሙያዎች አካባቢ የተፈጠረው «ውሂብ» የዚህ መፍትሔ ሆኖ ይቀርባል። ሐሳቡ ብልህ ነው። የላቲኑ ቃል «የተሰጠ» ማለት ስለ ሆነ «ወሀበ» ከሚለው የግእዝ ግሥ እኩያ ተፈልጎለታል። ይሁን እንጂ ቅርጹን ስንመረምር «ውሂብ» ንኡስ አንቀጽ ነው፤ ትርጓሜውም «መስጠት» ነው። «የተሰጠ» ለማለት የሚያስፈልገው እንደ «ክቡር» እና «ቅዱስ» ያለ ቅርጽ፣ ማለትም «ውሁብ» ነበር። ከሰዋስው ባሻገርም ቃሉ ለምሁር ካልሆነ በቀር በር አይከፍትም። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ሀብት» ግን ማንም የሚያውቀው ቃል ነው፤ መጀመሪያ ስጦታ፣ ኋላም ንብረት ማለት ሆነ። ይህን የምንጠቅሰው ስያሜ አድርገን ለማቅረብ ሳይሆን ነገሩን ለማስረዳት እንዲያገለግል ነው፤ ስለ አንድ ሰው የተመዘገበው ሁሉ ሀብቱ ነው ቢባል የሁሩታ ነጋዴ ወዲያው ይረዳል።

ለሕጉ ጽሑፍ «ዳታ» ይቈይ እንላለን፤ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ስያሜ መለዋወጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣልና። ለሕዝብ በሚቀርብ ማብራሪያና ማስጠንቀቂያ ግን «ስለ እርስዎ የተመዘገበ የግል መረጃ» ተብሎ ቢፈታና ዝርዝሩ ቢጠቀስ ይሻላል፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጣት አሻራ፣ ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥር። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጣት አሻራንና የዐይንን ምስል ከስም ጋር እንዲመዘገቡ ስላደረገ ይህ ዝርዝር ለገበሬውም ሩቅ አይደለም። ጭብጡ ራሱም ለአማርኛ ሕግ ባዕድ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ በአንቀጽ 31 በምስጢር የተጻፈን ደብዳቤ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ መግለጽን ሲከለክል «ዳታ» የሚል ቃል አላስፈለገውም። በዓለም የመጀመሪያው አገር አቀፍ የዳታ ሕግ በስዊድን የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ነው። የእኛ ሕግ ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ቀድሞ የጭብጡን አንድ ክፍል በራሱ ቃላት ተናግሮ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የቈየ ምሳሌያዊ አነጋገር እናስታውሳለን፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»። አያቶቻችን የመዝገብን ጠባይ በአራት ቃላት ጨርሰውታል። የዛሬው ማኅደር ከወረቀትም የባሰ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንደርደሪያ አይገኝም።

3. «አታላይነት»፣ «ማጭበርበር» እና «ስርቆት»

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በአንቀጽ 670፣ እምነት ማጉደልን በአንቀጽ 675፣ አታላይነትን በአንቀጽ 692 ለያይቶ ደንግጓል። ክፍፍሉ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ትምህርት ነው። ሌባ ባለቤቱ ሳያውቅ ይወስዳል፤ ወንበዴ በኀይል ይወስዳል፤ እምነት አጉዳይ የተረከበውን ይበላል፤ አታላይ ግን ባለቤቱ በገዛ እጁ አንሥቶ እንዲሰጠው ያደርጋል። የሁሩታዋ እናት ጉዳይ የመጨረሻው ነው። «ከሌባ ይጠበቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለእርሳቸው አይጠቅምም፤ ከሌባ የሚጠበቅ ሰው በር ይቈልፋል እንጂ ራሱን አይጠራጠርም።

«አታለለ» ልጅን ከማባበል ጋርም የሚነገር ለስላሳ ቃል ነው። «አጭበረበረ» ደግሞ ብርሃን ዐይንን ሲያዋዥቅ የሚነገር ስለ ሆነ ድርጊቱን ከነዘዴው ያሳያል፤ የተጭበረበረ ሰው ዐይኑ ክፍት ነው፤ ነገር ግን አያይም። ለሕዝብ ማስተማሪያ «ማጭበርበር» የሚለው ሊመረጥ ይገባል። ከዚህም ሌላ ገበያው የራሱ ሙያዊ ቃላት አሉት። «ሚዛን መቀሸብ» ሲባል ማንም ማብራሪያ አይፈልግም፤ ድርጊቱም መሣሪያውም በስያሜው ውስጥ አሉ። የአዲሱ ዘመን ማጭበርበሪያዎች ስያሜዎችም እንደዚህ ድርጊቱን የሚያሳዩ ሊሆኑ ይገባል። ለምሳሌ በሐሰተኛ መልእክት ምስጢር የማውጣትን ዘዴ ከዓሣ ማጥመድ ጋር አያይዞ በቀጥታ ከመተርጐም ይልቅ «አስመስሎ ምስጢር ማውጣት» ብንለው ሰሚው ከምን እንደሚጠበቅ ያውቃል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ይቀራል። መኪና ወይም ኮምፒዩተር ይታለላልን? በአማርኛ «ማታለል» የሚያምን፣ የሚሳሳት ተሳቢ ይፈልጋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ ነበር። በሕዝቡ ንግግር ግን «ሰረቁ»፣ «አጭበረበሩ»፣ «አገኙ»፣ «ወሰዱ» የሚሉ ግሦች ተቀላቅለው ተሰሙ። ፍርዱ የሕግ ባለሙያዎች ነው፤ ለእኛ የሚታየን የግሥ እጥረት ነው። የተታለለ ሰው በሌለበት «አታለለ» አይስማማም፤ ሥርዓቱ ራሱ እየከፈለ «ሰረቀ» ማለትም ለሰሚው አይቀናም። «ያለአግባብ ወሰደ» የሚለው ገለልተኛ አነጋገር ለጊዜው ይሻላል። ከዚያ በኋላ ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ማድረጉ ደግሞ ሁለቱን ርእሶቻችንን በአንድ ቦታ አገናኛቸው፤ ማጭበርበርን መከላከልና የግል መረጃን መጠበቅ አንዳንድ ጊዜ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ይቆማሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በዚያው ወር መጽደቁ ስያሜዎቹን አጥርቶ የመለየት ሥራ ለነገ የማይባል መሆኑን ያመለክታል።

4. «ደራሽነት» እና «ጠለፋ»

አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን «ሕገወጥ ደራሽነት» ብሎታል። «ደራሽ» በአማርኛ የክፉ ቀን ወገን ነው፤ «ደራሽ የለኝም» የሚል ሰው የሚያለቅሰው ረዳት አጥቶ ነው። «ፈጥኖ ደራሽ» የተባለውም ለዚህ ነው። በዚህ ምክንያት «ሕገወጥ ደራሽ» ለጆሮ የሚሰማው ያለ ፈቃድ የመጣ አዳኝ ሆኖ ነው። «ያለ ፈቃድ መግባት» ቢባል ምን ይጎድል ነበር? ቤትም ይገባል፤ ግቢም ይገባል፤ ሒሳብም ይገባል፤ ቋንቋው የለመደውን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

«ሕገወጥ ጠለፋ» የተሻለ ነው። ቃሉ በወንጀል ሕጉ ሴትን አስገድዶ ለመውሰድ፣ በጋዜጣ አውሮፕላንን አስገድዶ ለማሳረፍ ያገለግላል፤ ነገር ግን «ስልክ ተጠለፈ» የሚለው አነጋገር ከአዋጁ በፊት የታወቀ ስለ ነበረ ሰሚውን አያሳስትም። ሕግ አውጪው እዚህ ላይ ሕዝቡን ሰምቶ ነበር። በዚህ ረገድ ሊመሰገን ይገባዋል።

5. ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ

የአማርኛ ስያሜ ጉድለት በአማርኛ ብቻ አይቀርም። የፌዴራል አዋጆችና ማስታወቂያዎች ወደ ኦሮምኛ ሲመለሱ ተርጓሚው ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለው የአማርኛው ጽሑፍ ነው። በቁቤ የሚጻፈውን በፊደላችን ስንጽፈው «ጄቻ ኢቺቲ» የሚባል ስያሜ እንሰማለን፤ «የምስጢር ቃል» ማለት ነው። ተርጓሚው «ይለፍ»ን ጥሎ «ምስጢር»ን መውሰዱ ከአማርኛው የተሻለ ፍርድ ነው። ሆኖም «ጄቻ»፣ ማለትም «ቃል»፣ አብሮ ስለ ተሻገረ ቁጥሩ አሁንም ስም አላገኘም። «ለኮፍሳ ኢቺቲ»፣ «ምስጢር ቁጥር»፣ ሁለቱንም ቋንቋዎች ባንድነት ይፈውሳል።

ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ መስክ የሚቀራረቡት በብዙ ነው። አማርኛ ከ«ሞኝ» «ማሞኘት»ን እንዳወጣ ኦሮምኛ ከ«ጎዋ» «ጎዎምሱ»ን አውጥቷል። «ራጋ» ማስረጃ፣ «ኦዴፈኖ» መረጃ ናቸው፤ ልዩነቱ በዚያም ተጠብቋል። ስለዚህ የስያሜ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ተራርቀው እያንዳንዳቸው ከእንግሊዝኛ ከሚተረጕሙ ይልቅ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ከአንዱ ያጣነውን ከሌላው እናገኛለን። ሁሩታን የመሰለች ከተማ ለዚህ ተስማሚ የመፈተኛ ቦታ ናት፤ በአንድ የገበያ ቀን አንድ ስያሜ በሁለት ቋንቋ ሰሚዎች ዘንድ ሊፈተን ይችላል።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ሦስት መመዘኛዎች እናወጣለን። አንደኛ፣ የማስጠንቀቂያ ስያሜ ሰሚው በእጁ ያለውን ነገር በስሙ መጥራት አለበት፤ ቁጥር ከሆነ ቁጥር ይባል። ሁለተኛ፣ ስያሜው በሕዝብ ንግግር ቀድሞ የያዘው ፍቺ ከምንፈልገው ጠባይ ጋር እንዳይጋጭ ይመርመር፤ ለማሳየት የተፈጠረ ቃል ለመደበቅ አያገለግልም። ሦስተኛ፣ የሕግ ስያሜና የማስተማሪያ ስያሜ አንድ መሆን ካልቻሉ የሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን በር እንዲከፍት ተደርጎ ይጻፍ።

እነዚህን መመዘኛዎች ለማሟላት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያ ከመሠራጨቱ በፊት ለጥቂት ነጋዴዎች፣ ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች ተነቦ «ምን አትስጡ ተባላችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ ይበቃል። መልሳቸው ከጽሑፉ ሐሳብ ጋር ካልገጠመ የሚታረመው ጽሑፉ ነው። የሁሩታዋ እናት ገንዘብ አይመለስ ይሆናል። «ቃል አልሰጠሁም» ያሉን ግን ለእኛ ለስያሜ ሠራተኞች የቀረበ ክስ ስለ ሆነ፣ መልስ የምንሰጠው ቀጣዩ ሰው ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ሊሆን ይገባል።